እከክ (የቆዳ በሽታ)

እከክ (በሕክምና አጠራሩ ስኬቢስ) ሳርኮፕተስ ስካቢየይ የተባለ ደቂቅ ጥገኛ ተባይ የሰውን ቆዳ ሰርስሮ ሲገባ የሚከሰት ተላላፊ የቆዳ በሽታ ነው። ዋና ምልክቱ ማታ ማታ የሚብስ ከባድ ማሳከክ ሲሆን፣ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በወገብና በብልት አካባቢ ሽፍታ ይወጣል። በሽታው በመድኃኒት ሙሉ በሙሉ ይድናል። ይሁን እንጂ አብረው የሚኖሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ካልታከሙ የዳነው ሰው ካልታከመው መልሶ ስለሚይዘው፣ አንድ ቤተሰብ ለወራት ሲያክ ሊከርም ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በማንኛውም ጊዜ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እከክ አለባቸው። ድርጅቱ በሽታውን እ.ኤ.አ. በ2017 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ስያሜ

«እከክ» የሚለው ስም «አከከ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ስኬቢስ የሚለው ቃልም በላቲን መፋቅ ወይም ማከክ ማለት ከሆነ ግሥ የተገኘ በመሆኑ ሁለቱ ስሞች በትርጉም ይገጣጠማሉ። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን «እከክ» ማንኛውንም የሚያሳክክ ነገር ሊያመለክት ስለሚችል፣ አንድ ሰው «እከክ ያዘኝ» ማለቱ ብቻ የግድ ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ የቆዳና ሌጦ ሥራም «እከክ» የሚባል የበግና የፍየል ሌጦ ብልሽት አለ። እሱ ግን በሌሎች የእንስሳት ተባዮች የሚመጣ የተለየ ችግር ነው።

መንስኤ

ተባዩ ነፍሳት ሳይሆን ከመዥገርና ከሸረሪት ወገን የሆነ፣ ሲጎለምስ ስምንት እግር ያለው ፍጥረት ነው። ሴቷ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ትረዝማለች፤ ወንዱ ግማሽዋን ያህል ነው። ሴቷ ከተጠቃች በኋላ የቆዳውን የላይኛ ሽፋን እየሰረሰረች ጠባብ ዋሻ ትሠራለች። በዚያ ውስጥም ከአንድ እስከ ሁለት ወር በሚደርስ ዕድሜዋ በቀን ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በሦስት ወይም በአራት ቀን ይፈለፈላል፤ ጫጩቱም ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጎለምሳል።

የማሳከኩ ምክንያት መሰርሰሩ ራሱ አይደለም። ሰውነት ለተባዩ፣ ለእንቁላሉና ለኩሱ የሚሰጠው የአለርጂ ምላሽ ነው። አንድ የተለመደ ሕመምተኛ በመላ አካሉ ላይ ያሉት የጎለመሱ ተባዮች ከ10 እስከ 15 ብቻ ናቸው። ሽፍታው በብዛት ቢወጣም በእያንዳንዱ ሽፍታ ውስጥ ተባይ የማይገኘው ለዚህ ነው።

መተላለፊያ መንገድ

እከክ በዋናነት የሚተላለፈው ቆዳ ለቆዳ በሚደረግ የቆየ ንክኪ ነው። አንድ አልጋ ወይም መደብ ላይ አብሮ መተኛት፣ ሕፃን ማቀፍና ማዘል፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነትና ሕመምተኛን ማስታመም ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ለአጭር ጊዜ እጅ በመጨባበጥ የመተላለፍ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ተባዩ አይዘልም፣ አይበርም። ከሰው ቆዳ ከወጣም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም።

በሽታው የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም። በየቀኑ የሚታጠብ ሰውም ይያዛል፤ ተባዩ ከቆዳ ሥር ስለሆነ በውኃና በሳሙና ብቻ አይለቅም። በሽታውን የሚያባብሰው መጨናነቅ ነው። ብዙ ሰው በጠባብ ክፍል የሚተኛባቸው ቤቶች፣ ማረሚያ ቤቶች፣ የተፈናቃዮች መጠለያዎች፣ አዳሪ ትምህርት ቤቶችና የአብነት ተማሪዎች ጎጆዎች በቀላሉ ይጠቃሉ። የውኃ እጥረት ደግሞ የተፋቀውን ቆዳ ለቁስለት ያጋልጣል።

ውሻን፣ ፍየልንና ግመልን የሚያጠቁት የተባዩ ዝርያዎች ወደ ሰው ቢሻገሩ ለጥቂት ቀናት ሊያሳክኩ ይችላሉ። በሰው ቆዳ ላይ መራባት ስለማይችሉ ግን እንስሳው ሲታከም ችግሩ በራሱ ይጠፋል።

ምልክቶች

ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምንም ሳይሰማው ለሌሎች ያስተላልፋል። ከዚህ ቀደም ታሞ የዳነ ሰው ግን ሰውነቱ ተባዩን ስለሚያውቀው ከአንድ እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማከክ ይጀምራል።

ሽፍታው ብዙውን ጊዜ ትናንሽ ቀያይ እብጠቶች ሆኖ ይታያል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለማይጎላ ከቆዳው የጠቆረ ወይም ቆዳውን የመሰለ እብጠት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ጠመዝማዛ ቀጭን መስመር ይታያል፤ ይህም የተባዩ ዋሻ ነው። ሽፍታው በብዛት የሚገኘው፦

• በእጅ ጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ
• በክርንና በብብት
• በወገብ፣ በእምብርት ዙሪያና በመቀመጫ
• በሴቶች በጡት ጫፍ ዙሪያ፣ በወንዶች በብልት ላይ ነው።

በአዋቂዎች ፊትና ራስ አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ናቸው። በጨቅላ ሕፃናት ግን ሽፍታው በራስ ቅል፣ በፊት፣ በመዳፍና በውስጥ እግርም ይወጣል። ሕፃኑ ማከክ ስለማይችል ያለቅሳል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ጡት መጥባትም ሊቀንስ ይችላል።

ከሌሎች የቆዳ ችግሮች ጋር መመሳሰል

የሚያሳክክ ሁሉ እከክ ስላልሆነ፣ ጥርጣሬ ያደረበት ሰው የሚከተሉትን ልዩነቶች ማወቁ ይጠቅመዋል።

ጭርት በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን ጠርዙ ጎላ ያለ፣ መሐሉ እየጠራ የሚሄድ ክብ ቅርጽ አለው። ችፌ (ኤግዚማ) ብዙውን ጊዜ ለረጅም ጊዜ የሚመላለስ፣ ቆዳን የሚያደርቅና የሚያሻክር ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የትኋንና የቁንጫ ንክሻ በአብዛኛው ልብስ ባልሸፈነው ወይም ከአልጋ ጋር በተነካካው አካል ላይ በቡድን ወይም በመስመር ይታያል። የሰውነት ቅማል በልብስ ስፌት ውስጥ ስለሚኖር ልብሱን ገልብጦ በማየት ይገኛል። ሙጀሌ በአብዛኛው በእግር ጣትና ተረከዝ ውስጥ ይገባል፤ መሐሉ ጥቁር ነጥብ ያለው እብጠት ይፈጥራል። ቁንጭር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ፊት ላይ ወጥቶ ለወራት የሚቆይና እምብዛም የማያሳክክ ቁስል ነው። በኩፍኝና በመሳሰሉት ሽፍታ ደግሞ ትኩሳት ይኖራል፤ እከክ በራሱ ትኩሳት አያመጣም።

ለመለየት በእጅጉ የሚረዱት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ «ማታ ይብስብሃል?» እና «በቤት ውስጥ ሌላ የሚያክ ሰው አለ?»

ምርመራ

በአብዛኛው ጤና ጣቢያ በሽታው የሚለየው የሕመሙን ታሪክ በመጠየቅና ቆዳውን በማየት ነው። ባለሙያው ከቆዳው ላይ ጥቂት ፍቆ በማይክሮስኮፕ ሊመለከት፣ ወይም ዴርማቶስኮፕ በተባለ የማጉያ መሣሪያ ተባዩን በቆዳው ላይ እንዳለ ሊያይ ይችላል። ሌላው ቀላል ዘዴ ቆዳውን ቀለም ቀብቶ ወዲያው መጥረግ ነው፤ ቀለሙ ወደ ዋሻው ከገባ መስመሩ ይታያል። ተባዮቹ ጥቂት ስለሆኑ በምርመራ አለመገኘታቸው በሽታው የለም ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች የስምምነት መስፈርት ምርመራውን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል።

የተረጋገጠ እከክ፦ ተባዩ፣ እንቁላሉ ወይም ኩሱ በመሣሪያ ሲታይ ነው።

በክሊኒክ የታወቀ እከክ፦ ዋሻው ሲታይ፣ ወይም በወንድ ብልት ላይ ዓይነተኛው እብጠት ሲገኝ፣ ወይም ዓይነተኛው ሽፍታ በዓይነተኛው ቦታ ወጥቶ ማሳከክና ከሚያክ ሰው ጋር የቅርብ ንክኪ ሁለቱም ሲኖሩ ነው።

የተጠረጠረ እከክ፦ ዓይነተኛው ሽፍታ በዓይነተኛው ቦታ ወጥቶ ከማሳከክና ከንክኪ አንዱ ብቻ ሲኖር፣ ወይም ሽፍታው ወይም ቦታው ያልተለመደ ሆኖ ሁለቱም ሲኖሩ ነው።

በተጠረጠረ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ሌላ የተሻለ ምክንያት ካልተገኘለት ሕክምና ሊጀመርለት ይችላል። በትክክል ታክሞ ለውጥ ካላየ ግን ያንኑ መድኃኒት ደጋግሞ ከመቀባት ይልቅ ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ ያስፈልገዋል። የመድኃኒት አለርጂ፣ ችፌ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመምም ያሳክካሉና። ጥቂት ሰዎች ደግሞ ምርመራው ደጋግሞ ነፃ ቢያሳይም በቆዳቸው ውስጥ ተባይ እንደሚሄድ አጥብቀው ያምናሉ። ስሜቱ ለሕመምተኛው እውነተኛ ስለሆነ በንቀት መታየት የለበትም፤ ሐኪሙ በትዕግሥት ተከታትሎ ሌላ ዓይነት እርዳታ ይሰጠዋል።

ሕክምና

በሥራ ላይ ያሉት ዋና ዋና መድኃኒቶች የሚከተሉት ናቸው።

ፐርሜትሪን 5% ቅባት፦ መላ አካል ተቀብቶ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ከቆየ በኋላ ይታጠባል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገማል። ለነፍሰ ጡሮችም ይሰጣል።

ቤንዚል ቤንዞኤት (ቢቢኤል)፦ ለአዋቂዎች 25% ሆኖ ይሰጣል፤ ለልጆች ይቀጥናል። ዋጋው ርካሽ ቢሆንም በተለይ የተላጠ ቆዳ ላይ ያቃጥላል።

የዲኝ (ሰልፈር) ቅባት፦ ከ5% እስከ 10% ሆኖ ለተከታታይ ቀናት ማታ ማታ ይቀባል። ሽታው ደስ አይልም፤ ልብስም ያበላሻል። ሆኖም ለጨቅላ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ተስማሚ ነው።

አይቨርሜክቲን፦ በአፍ የሚዋጥ ኪኒን ሲሆን መጠኑ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 200 ማይክሮ ግራም ነው። ክብደታቸው ከ15 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ልጆችና ለነፍሰ ጡሮች በአብዛኛው አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት ለእከክ ሕክምና ጭምር መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካቶታል።

አይቨርሜክቲን ሁለት ጊዜ የሚሰጥበት ምክንያት የተባዩን እንቁላል ስለማይገድል ነው። ከመጀመሪያው መጠን የተረፈው እንቁላል በቀናት ውስጥ ይፈለፈላል። ሁለተኛው መጠን ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ሲሰጥ አዲሶቹ እንቁላል ከመጣላቸው በፊት ይደርስባቸዋል። ማሳከኩ ቀለል ስላለ ብቻ ሁለተኛውን መተው ለበሽታው መመለስ ዋነኛ ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ቅባት የሚሠራው በትክክል ሲቀባ ነው። ሽፍታው ያለበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ከአንገት እስከ እግር ጣት ያለው አካል በሙሉ ይቀባል። የጣቶች መካከል፣ ጥፍር ሥር፣ እምብርት፣ ብልት፣ መቀመጫና ውስጥ እግር አይዘለሉም። ጥፍር አስቀድሞ ይቆረጣል። ቅባቱ ሳይታጠብ እጅ ከታጠበ እጅ እንደገና ይቀባል። ለሕፃናት ዓይንና አፍ ሳይነካ ፊትና ራስም ይጨመራል።

በአንዳንድ ቤቶች ነጭ ጋዝ ወይም ለትኋን የሚረጭ መድኃኒት ቆዳ ላይ ይደረጋል። እነዚህ ቆዳን ያቃጥላሉ፣ ሊመርዙም ይችላሉ። ለእከክ በባህል የሚታወቀው እንዶድም መርዛማነት ስላለው በተላጠ ቆዳ ላይ አደገኛ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የስቴሮይድ ቅባት ደግሞ ማሳከኩን ለጊዜው አስታግሶ የሽፍታውን መልክ ይለውጣል። በዚህ መካከል ተባዩ ይራባል፤ በኋላ የሚያየው ባለሙያም በሽታውን መለየት ይቸግረዋል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ጠበሉንና መድኃኒቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል፤ ቅባቱ የሚቆይበትን ሰዓት ግን መጠበቅ አለበት።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

አብረው የሚኖሩና የቅርብ ንክኪ ያላቸው ሰዎች ሁሉ፣ የማያሳክካቸውም ጭምር፣ በአንድ ቀን መታከም አለባቸው። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ሳምንታት ስለሚያልፉ «እኔን አያሳክከኝም» ማለት ነፃ መሆንን አያሳይም።

ባለፉት ሦስት ቀናት ያገለገሉ ልብስ፣ አንሶላ፣ ጋቢና ፎጣ በሙቅ ውኃ፣ ቢቻል በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ታጥበው ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ። ሊታጠብ የማይችለው ብርድ ልብስ፣ ጫማ ወይም ካፖርት በፌስታል ታስሮ ቢያንስ ለሦስት ቀን፣ ለእርግጠኝነት ለአንድ ሳምንት ይቀመጣል። ተባዩ ሰው ካጣ ስለሚሞት ቤቱን በመድኃኒት መርጨት አያስፈልግም። ለመላው ቤተሰብ ቅያሪ ልብስ በሌለበት ቤት ቅድሚያ የሚሰጠው ለሰዎቹ መታከም ነው፤ የልብስ እጥበት አለመሟላት ሕክምናውን ለማዘግየት ምክንያት መሆን የለበትም።

ልጆች የመጀመሪያውን ሕክምና ካገኙ በኋላ በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ይችላሉ።

ከሕክምና በኋላ

ተባዮቹ ከሞቱ በኋላም ቅሪታቸው በቆዳ ውስጥ ስለሚቆይ ማሳከኩ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊቀጥል ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ መድኃኒቱ እንዳልሠራ አስቦ በየቀኑ ይቀባል። ቆዳውም ይቆጣና ማሳከኩ ይብሳል። በዚህ ወቅት ማለስለሻ ቅባትና ሐኪም የሚያዝዘው የአለርጂ ኪኒን ይረዳሉ። ከአራት ሳምንት በኋላም ካልተሻለ፣ ወይም አዲስ ዋሻና አዲስ እብጠት ከወጣ፣ መድኃኒቱ በትክክል አልተወሰደም ወይም ያልታከመ ሰው በአካባቢው አለ ማለት ሊሆን ስለሚችል ዳግም መታየት ያስፈልጋል።

የሚያስከትላቸው ጉዳቶች

«እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም» የሚል ተረት አለ። በዚህ በሽታ ግን ትልቁን ጉዳት የሚያመጣው ጥፍር ነው። በማከክ የተላጠ ቆዳ ስትሬፕቶኮከስና ስታፊሎኮከስ ለተባሉ ባክቴሪያዎች በር ይከፍታል። ቁስሉ መግል ይይዛል፣ ያብጣል፤ ባክቴሪያው ወደ ደም ከገባ ሕይወትን ያሰጋል። የስትሬፕቶኮከስ የቆዳ ቁስል በተለይ በልጆች ላይ የኩላሊት ብግነት ሊያስከትል ይችላል። ከቁስል በኋላ የፊት ወይም የእግር ማበጥ፣ የሽንት መቅላት ወይም ማነስ ከታየ በፍጥነት ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

የሰውነታቸው የመከላከል አቅም በተዳከመ ሰዎች፣ በጣም ባረጁና ማከክ በማይችሉ ሕመምተኞች ላይ ቅርፊታም እከክ የሚባለው ዓይነት ይከሰታል። ቆዳው ወፍራም ቅርፊት ያወጣል፤ ተባዮቹም ከሺዎች እስከ ሚሊዮኖች ይደርሳሉ። የሚገርመው ማሳከኩ ቀላል ሊሆን ወይም ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ይህ ዓይነቱ በአጭር ንክኪና በአልጋ ልብስም ስለሚተላለፍ ኪኒንና ቅባት በአንድነት ተሰጥቶ በጥብቅ ክትትል ይታከማል። እ.ኤ.አ. በ1848 የኖርዌይ ሐኪሞች ዳንየልሰንና ቤክ በሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ አይተው ስለ ጻፉት የኖርዌይ እከክ በመባልም ይታወቃል።

ሌላው ጉዳት እንቅልፍ ማጣትና ኀፍረት ነው። ሌሊቱን ሲያክ ያደረ ተማሪ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ሠራተኛውም ይዝላል። ብዙዎች «ቆሻሻ ናቸው» እንዳይባሉ በሽታውን ይደብቃሉ፤ ከብልት አካባቢ ሽፍታ ጋር ሲሆን ደግሞ ለሐኪምም ማሳየት ያፍራሉ። የደበቀ ሰው ግን አብሮት ለሚተኛው ማስተላለፉ ስለማይቀር፣ ቶሎ መናገር ራስንም ቤተሰብንም ያሳርፋል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ እከክ በድርቅ፣ በጦርነትና በመፈናቀል ወቅት ይበረታል። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015/16) ከኤልኒኖ ጋር ተያይዞ በደረሰው ድርቅ በአማራ ክልል ሰፊ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በድርቅ በተጎዱ ወረዳዎች በተካሄደ ዘመቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ታይተው ሲሶ ያህሉ እከክ ተገኝቶባቸዋል፤ አይቨርሜክቲንን ጨምሮ መድኃኒትም ታድሏል።

በገጠር ቀበሌዎች ሕመምተኛው መጀመሪያ የሚያገኛቸው በጤና ኬላ ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነው። እነሱም ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። ለከበደ ችግር በአዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታልና በደሴ አቅራቢያ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ይታወቃሉ፤ ሁለቱም ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር የቆየ ታሪክ አላቸው።

ታሪክ

እከክ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም ለብዙ ዘመን የደም መበላሸት ውጤት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1687 ጣሊያናውያኑ ጆቫኒ ኮሲሞ ቦኖሞና ዲያቺንቶ ቼስቶኒ ተባዩን በማይክሮስኮፕ አይተው የበሽታው መንስኤ መሆኑን ገለጹ። ሐሳባቸው ግን ለረጅም ጊዜ ተቀባይነት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1834 ሬኑቺ የተባለ የኮርሲካ ተወላጅ የሕክምና ተማሪ ፓሪስ ውስጥ ተባዩን ከቆዳ በመርፌ አውጥቶ በሐኪሞች ፊት አሳየ። ዘዴውን የተማረው በትውልድ አገሩ ሴቶች ሲያደርጉት አይቶ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት እንግሊዛዊው ኬኔት ሜላንቢ በሼፊልድ ከተማ ውትድርናን በኅሊና ምክንያት በተቃወሙ በጎ ፈቃደኞች ላይ ጥናት አካሄደ። ፈቃደኞቹ ሕመምተኞች የተጠቀሙበትን ልብስና ብርድ ልብስ ቢለብሱም የተያዙት ጥቂት ነበሩ። በዚህም በሽታው በዋናነት ከሰው ወደ ሰው በንክኪ እንደሚተላለፍ ታወቀ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ከፊጂ ደሴቶች የታተመ ጥናት አይቨርሜክቲን ለመላው ነዋሪ በታደለባቸው ቦታዎች የበሽታው ስርጭት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ32.1% ወደ 1.9% መውረዱን አሳየ። የታመመው ሰውና ቤተሰቡ ብቻ በታከሙበት ቦታ ግን ከ36.6% ወደ 18.8% ብቻ ነበር የወረደው። የዓለም ጤና ድርጅት በአሁኑ ጊዜ ስርጭቱ 10% እና ከዚያ በላይ በሆነባቸው አካባቢዎች ለመላው ሕዝብ መድኃኒት ማደልን እንደ አንድ መቆጣጠሪያ መንገድ ያያል።